ሰፊው ሲላላ

ፈንታው ወልደ ኪዳን ላሊበላ ውስጥ፣ ከገበያው መውጫ ላይ ሱቅ ሲከፍት፣ የታፔላውን ጽሑፍ ራሱ በወረቀት ጽፎ ለቀለም ቀቢው ሰጠው፦ «ሰፊው የልብስ ስፌት ቤት»። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገሩ ሰው አንድ ቀልድ አገኘ፤ እስከ ዛሬም አልጠገበውም። ሱቋ ሁለት ክንድ ከስንዝር ብትሆን ነው። የስፌት መኪናው፣ ፈንታውና አንድ ደንበኛ ከገቡ ሌላው ደንበኛ የሚለካው ደጅ ቆሞ ነው። «ምኑ ነው ሰፊው?» ይሉታል። «ወደ ጎን ነው ወይስ ወደ ላይ?» ይሉታል። ፈንታው ቀና ብሎ ይስቅና ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔም ስቄበታለሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። «ሰፊ» የሚለው ቃል ሁለት ነው። ፊ ስትጠብቅ ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ ቤት እንደምንለው ነው። ስትላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። ፈንታው አላልቶ ጻፈው፤ ከተማው አጥብቆ አነበበው። እኔ ሰብሌ፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ሃያ ዓመት በመጽሐፍ መሀል የኖርኩት ሴትዮ፣ ከከተማው ጋር አብሬ አጥብቄ አነበብኩት። ለዚህ ሞኝነቴ ዋጋ ከፍያለሁ፤ ወደዚያው እመጣለሁ።

ፈንታው አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ግራ እግሩ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልምሾ ስለሆነ በምርኩዝ ይሄዳል፤ መኪናውንም የሚረግጠው በቀኝ እግሩ ብቻ ነው። ሥራው የካህናት ካባና የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው። ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ የሚንጠለጠልበትን፣ ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋውን ጥላ ማለቴ ነው። ከኮን እስከ ኩልመስክ ያሉ ካህናት የእሱን ዘርፍ ከሩቅ ይለዩታል። እሱ ግን በዚህ ሲመሰገን ያፍራል። ልቡን ማግኘት የፈለገ ሰው መነሣት ያለበት ከመጽሐፉ ነው።

መጽሐፉ «የሌሊት አገር በር» ይባላል። ሦስት ቅጽ ነው፤ ጸሐፊው ከሞተ ቆይቷል። ጎህ የማይቀድባት አገር አለች። አንዲት ልጅ አመድማ ጋቢ ለብሳ፣ የሚናገር ቀበሮ አስከትላ፣ ጎህን ፍለጋ ዘጠኝ በር ታልፋለች። ሰው በዋሸ ቁጥር ጥላው የሚረዝምበት መንደር አለ። የሞቱ ወንዞች የተቀበሩበት ሜዳ አለ። ከየበሩም ደጃፍ ላይ «ሰፊው» የሚባል ተቀምጦ ይገኛል። መልኩን ያየ የለም፤ እጁ ግን ሥራ አይፈታም። በመጨረሻው ቅጽ፣ በመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሰፊው ተነሣ። የሁለቱን ተራሮች ጫፍ ይዞ ገጠማቸው። ሌሊቱም ከማዶ ቀረ።»

ፈንታው ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የሚወዳቸውን ገጾች በወርቅ ክር ቁራጭ ምልክት አድርጎባቸዋል፤ ሦስቱም መጻሕፍት ጢም ያበቀሉ ይመስላሉ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቤተ መጻሕፍቱን መጋረጃ ላሰፋ ብሄድ፣ አንደኛውን ቅጽ ከመኪናው አጠገብ አየሁትና «አንተም?» አልኩት። እኔም በልጅነቴ ያበድኩበት መጽሐፍ ነበር። መጋረጃው ተረሳ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንጨቃጨቃለን። እሱ ቀበሮው በመጨረሻ ከልቡ ተጸጽቷል ይላል፤ እኔ አልተጸጸተም እላለሁ። ስለዚህም ሲናደድብኝ «ቀበሮዋ» ይለኛል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር በጆሮዬ እየገባ ልብ አላልኩትም። ፈንታው ያንን ደጃፍ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ሲጠራ ፊን ያላላታል። እኔ የሙያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ራሱን መጽሐፍ ውስጥ እየከተተ ነው ብዬ፣ በልቤ «ይሁንለት» ብዬ አለፍኩት፤ ከእሱ ጋር ሳወራም እንደሱው አላላው ነበር።

መጽሐፉን ያነበበችለት እኅቱ ባንቺዓለም ናት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። ስምንተኛ ክፍል አንደኛ ወጥታ የተሸለመችው ነው። አባታቸው መሪጌታ ወልደ ኪዳን ገነተ ማርያም አካባቢ የንባብ መምህር ነበሩ። በእሳቸው ጉባኤ የሚጠብቀውን አላልቶ፣ የሚላላውን አጥብቆ ያነበበ ልጅ አርጩሜው ሳይነካው አያልፍም። ፈንታው ንባቡን ከሁሉ ቀድሞ ይይዝ ነበር። ነገር ግን አካሉ የጎደለ ለክህነት አይቀርብም። አብረውት ፊደል የቆጠሩት ልጆች ለዲቁና ሲዘጋጁ እሱ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ የቤታቸው ደጃፍ ላይ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መዋል ጀመረ። ተነሥ ቢሉት አይነሣ፣ ቢጠሩት አይመልስ። እናትየው አልቅሰው አልቅሰው ተዉት።

ባንቺዓለም በዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቡ ትቀመጥና ታነብለታለች። መጀመሪያ ሰሞን ይሰማ አይሰማ አታውቅም ነበር። አንደኛው በር ላይ ስትደርስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«ሰፊው ተቀምጦ ነው የሚሠራው?» አላት።

«ተቀምጦ ነው» አለችው።

«መነሣት የለበትም?»

«ለሥራ የሚነሣው በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እስከዚያ ሁሉም ሰው ወደ እሱ ነው የሚመጣው።»

በማግስቱ መርፌና ክር ለመነ። ይህንን ሲነግረኝ ሁልጊዜ ይስቃል። «መጀመሪያ የሰፋሁት የአባቴን ጥምጣም ከጋቢያቸው ጋር ነው» ይላል።

ባንቺዓለም አድጋ ኩልመስክ አስተማሪ ሆነች። በሃያ ሰባት ዓመቷ ታመመች፤ ሦስት ሳምንት አልቆየችም። ፎቶዋ ከመታወቂያ የተላጠ አንድ ጉርድ ብቻ ነው። ድምፅዋን የቀዳ ማንም የለም። አንድ ቀን ካባ እየቀመቀመ፣ ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦ «መጽሐፉን ስገልጥ ድምፅዋ ይመጣል። በሌላ ጊዜ ፈልጌው አላገኘውም። እዚያ ብቻ ነው ያለችው።» የወደቀውን የክር ቁራጭ አንሥቼ ሰጠሁት።

ባለፈው መስከረም «የሌሊት አገር በር» ፊልም ሆነ ተባለ። አዲስ አበባ ታይቶ፣ በየከተማው እየዞረ ነው፤ ወደ እኛም ይመጣል። ማስታወቂያው በስልክ ሲደርሰኝ ሮጬ ሄድኩና አሳየሁት። ለአንድ ሳምንት ሁለታችንም ልጅ ሆንን። «ቀበሮውን ሰው ጭምብል አጥልቆ እንዳይጫወተውና እንዳያሳፍሩን» ይላል። «ጋቢው አመድማ ነው፤ ነጭ ካደረጉት ተነሥቼ እወጣለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ የውሸታሞቹ መንደር ተቆርጦ እንዳይሆን ነበር ጭንቀቴ። ቀኑ ሲቃረብ ግን ጨዋታው ቀነሰ።

«ፈራሁ፣ ሰብሌ» አለኝ። «ፊልም ድምፅ አለው። በመጽሐፉ ውስጥ እሷ አለች። ሌላ ድምፅ ሲገባ ትወጣ ይሆን?»

«እንግዲያው አትሂድ» አልኩት።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠብቄ?» አለ፤ ለዕለቱ የሚለብሰውን ኮትም ሰፋ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረን ገባን። ውሸት አልናገርም፤ የመጀመሪያው ሰዓት ግሩም ነበር። ቀበሮው ቀበሮ ነው። ጋቢው አመድማ ነው። ልጅቷ የመጀመሪያውን በር ስትገፋ ፈንታው ክንዴን ጭምቅ አድርጎ ያዘ፤ ዞር ብዬ ሳየው እንባው ይወርዳል። «አገሩ አለ» አለኝ፤ «እውነትም አለ።» እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ሰፊው መጣ። መሬት ተንቀጠቀጠ፤ በሩ ተሰነጠቀ፤ ተራራ የሚያህል ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ ብቅ አለ። «ሰፊው ነኝ!» ሲል ፊን አጠበቃት፣ አጠበቃት፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ ነገረኛ «ፈንታው፣ ሱቅህ መጣ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈንታው ምርኩዙን ፈልጎ ተነሣ፤ በወንበሮቹ መሀል እየተጋጨ ወጣ።

ተከትዬው ስወጣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

«ተሳስተዋል» አለኝ።

አዎ ተሳስተዋል ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

«አንቺ ስታነቢው ምን ብለሽ ነው የምታነቢው?»

«ጠብቆ» አልኩት።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ታፔላዬንስ?»

«እሱንም።» እንዲህ ያለውን እውነት ከመናገር ምላስን መዋጥ ይሻል ነበር። ፈንታው እጁን አየ፤ ጣቶቹ ላይ ያለውን የመርፌ ጠባሳ ሁሉ አየ። «እንግዲያው ባንቺዓለም ተሳስታ ነበር» አለ። «የንባብ መምህር ልጅ ተሳስታ፣ እኔም በስሕተት ልብስ ሰፊ ሆንኩ።»

ፊልም ሠሪዎቹ ላይ እንዴት እንደተቆጣሁ አልነግራችሁም። ገጻቸው ላይ ረጅም ስድብ ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁት። ምን በድለዋል? እኔ እንዳነበብኩት ነው ያነበቡት። በወረቀት ላይ ቃሉ ሁለቱንም ሆኖ ይኖር ነበር። ፊልም ግን አፍ አውጥቶ መናገር ስላለበት አንዱን መረጠ፤ ሌላውም ሄደ።

ሦስቱን ቅጽ እንደገና አነበብኳቸው። መርፌ የሚል ቃል ባገኝ ብዬ ነው። የለም። ክርም የለም። ደግነቱ ግዙፍ የሚል ቃልም የለም። ሁለተኛው ቅጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አጠራጠረኝ፦ «ሰፊው በጎኑ ዞሮ በበሩ ገባ።» ወርዱ በበሩ አላልፍ ብሎት መሆኑ ነው። ይህንን ይዤ ሱቁ ሄጄ ምን ብሎ እንደሚያነበው ጠየቅኩት።

«ጣቃ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ነዋ!» አለ እንደ መቆጣት ብሎ። «ጣቃ የተሸከመ ሰው በበር ፊት ለፊት ይገባል እንዴ?» ከዚያ ድንገት ድምፁ ወረደ። «እሷ ናት እንዲህ ያለችኝ። ጠይቄያት ነበር።»

መጻሕፍቱን በፌስታል ጠቅልሎ ከመደርደሪያው አናት ላይ ሰቀላቸው። «ስገልጠው የዚያ ሰውዬ ድምፅ ነው የሚመጣው» አለኝ። የፈራው ደረሰ። ሥራም አልሠራም አለ። ለኅዳር ጽዮን ለገነተ ማርያም የሚደርስ ቀይ የከፋይ ጨርቅ ጥላ ጀምሮ ነበር፤ ዘርፉ በግማሹ ተንጠልጥሎ መኪናው ላይ ቀረ። ጥላው ለበዓሉ ደርሷል፤ እሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ። ያን ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት፣ ፈንታው ከደጃፉ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። በሰባት ዓመቱም እንዲህ ነበር የተቀመጠው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ባጃጅ ሱቁ ፊት ቆመና መሪጌታ ወልደ ኪዳን ወረዱ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ጉልበታቸውን ስመን ካንዲቷ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። እኔ ከደጅ ሆንኩ፤ ሱቋ ሌላ ሰው አትይዝም።

«ካህናቱ ጥላው የት ደረሰ ይላሉ» አሉ። «ምን ልበላቸው?»

ፈንታው በግማሽ የቀረውን ዘርፍ መነካካት ያዘ። የእኔ አፍ መቼ ዝም ያውቃል። ከፊልሙ እስከ ፌስታሉ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አደመጡ።

«የትኛው ቃል ነው?» አሉኝ።

«ሰፊው፣ የኔታ» አልኩ፤ አጥብቄ።

«እ…» አሉ። «ባንቺዓለም አልተሳሳተችም። ከእኔ ቤት ወጥታ ማጥበቅና ማላላት ይጠፋታል እንዴ? መጽሐፉን ባገኘች ሰሞን ጓሮ ሆና፣ ለብቻዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ ሰምቻታለሁ። ልክ አንቺ እንዳልሽው አጥብቃ ነው ያነበበችው። ኋላ ለዚህ ልጅ ስታነብለት ብሰማ፣ አላላችው። ጠራኋት። ‹አንድ ቃል በሁለት አፍ ምንድን ነው? የቱ ነው ንባቡ?› አልኳት።»

«ምን አለችዎት?» አለ ፈንታው። ጥላው ላይ ያለውን ከፋይ ጨምድዶ ይዞታል።

«‹አባባ፣ ንባቡስ ይጠብቃል› አለችኝ። ‹ግን ተራራ የሚያህል ሰው ለፈንታው ምን ያደርግለታል? እንደሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ነው የሚፈልገው። ግድ የለም፣ ይላላለት› አለችኝ።»

በመንገዱ ላይ ሰው ወደ ገበያ ይጎርፋል።

«ስልሳ ዓመት ንባብ አስተማርሁ» አሉ የኔታ። «የማንም ልጅ ይሁን፣ አንዲት ስሕተት አላለፍሁም። ያችን ግን አለፍኋት። ‹እሺ፣ ይላላለት› አልኋት።»

ፈንታው አለቀሰ። ወንድ ልጅ ነኝ፣ ሰው ያየኛል አላለም፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ጣቃውንም ማን ትከሻው ላይ እንደጫነለት ገባኝ። ያቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ለአንድ ወንድሟ ብላ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አፍርሳ ሠርታለች።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ ፈንታው ፊቱን በካባ ቁራጭ እየጠረገ።

«መች ጠየቅኸኝ? ደግሞ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነበርህ» አሉት። ከዚያ ወንበራቸውን አመቻቹና «በል አውርደው። መጨረሻውን አንብብልኝ። እኔ እኮ በጓሮ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ግማሹን ንፋስ ወስዶብኛል» አሉ።

ከደጅ እጄን ዘርግቼ ፌስታሉን አውርጄ ሰጠሁት። ሦስተኛውን ቅጽ አወጣ፤ የወርቅ ክሩን ይዞ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ከቃሉ ሲደርስ ቆም አለ፤ አንዴ ወደ አባቱ አየ። እውነቱ ከታወቀ በኋላ በንባብ መምህር ፊት ስሕተት ማንበብ ከበደው መሰለኝ።

«ሰፊው ተነሣ» አለ፤ አጥብቆ።

የየኔታ ምርኩዝ ወለሉን መታ። «ተመለስ» አሉ። «አላልተህ አንብብ።»

ፈንታው ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለሰ። ጣቱን ከቃሉ ሥር አደረገ።

«ሰፊው ተነሣ» አለ፤ ላላ አድርጎ። «የሁለቱን ተራሮች ጫፍ ይዞ ገጠማቸው።» ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

«መጣች» አለ።

«ታዲያ ምን ታቆማታለህ?» አሉ የኔታ። «ትጨርስ እንጂ።»